የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ እምነትና ምግባር

ስለ እምነትና ስለ ምግባር በሚነገርበት ጊዜ አንዳንድ ሰው ሁለቱን እንደ ሁለት ባለርስቶች በድንበር ላይ አቁሞ ያከራክራቸዋል። አንደኛው ወገን ማመን ከበቃኝ ሌላው ሁሉ ትርፍ ድካም ነው ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ ጾሙንና ስግደቱን፥ ዝክሩንና ምጽዋቱን ነጋዴ ሒሳቡን እንደሚደምር እየደመረ እግዚአብሔርን ባለዕዳው ለማድረግ ይቃጣል። ሁለቱም የወደቁት በአንድ ጉድጓድ ነው፤ የገቡበት አቅጣጫ ብቻ ይለያያል። የመጀመሪያው ሥራውን ከእምነቱ ቈርጦ ጥሎታል፤ ሁለተኛው ክርስቶስን ከሥራው አውጥቶ በቦታው ራሱን አስቀምጧል።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜና ለገላትያ ሰዎች በጻፈ ጊዜ፥ በግዝረትና በኦሪት ሥርዓት ይመኩ ለነበሩት፥ ጽድቅ በክርስቶስ በማመን የሚገኝ የእግዚአብሔር ስጦታ እንጂ የሰው ደመወዝ አለመሆኑን አስተማረ። ሐዋርያው ያዕቆብ ደግሞ የታረዘውንና የተራበውን ወንድሙን በመልካም ቃል ብቻ ለሚያሰናብት ሰው፥ እንዲህ ያለው እምነት ነፍስ እንደ ተለየው በድን መሆኑን አስታወቀው። ሁለቱም በምስክርነት የጠሩት አንዱን አባታችንን አብርሃምን ነው። ጳውሎስ ገና ሳይገዘር ያመነውን አብርሃምን ያሳየናል፤ ያዕቆብ ልጁን በመሠዊያው ላይ ያቀረበውን አብርሃምን ያሳየናል። አብርሃም ግን አንድ ሰው ነው፤ ያመነውም የታዘዘውም በአንድ ልብ ነው። በእኛ አገር ለማኝ በደጅ ሲቆም እግዜር ይስጥህ ብሎ ማሰናበት የተለመደ ነው። ቃሉ የእምነት ቃል ነው፤ የሚናገረው ሰው እጅ ግን እንደ ታጠፈ ይቀራል። ያዕቆብ የወቀሰው ይህንኑ እንደ ሆነ ለማወቅ ሩቅ ትርጓሜ መፈለግ አያሻም።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ነገር በቃል ክርክር ብቻ አታስተምርም፤ ሰው አቁማ ታሳያለች። ከነዚህ አንዱ በሐይቅ እስጢፋኖስ 45 ዓመት ያህል የኖሩት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአገራችን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

በስማቸው እንጀምር። ኢየሱስ ሞዓ ማለት ኢየሱስ ድል ነሣ ማለት ነው። ይህን ስም የተሸከመ ሰው በሥራው ልመካ ብሎ ቢነሣ የገዛ ስሙ ይከሰዋል፤ በተጠራ ቍጥር ድሉ የማን እንደ ሆነ ይነገረዋልና። ይሁን እንጂ ጌታዬ ድል ነሥቶልኛልና ልረፍ ያሉ ሰው አልነበሩም። ድሉ የጌታ መሆኑን ማመናቸውና ያለ ዕረፍት መሥራታቸው በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ እንዴት አብረው እንደ ተቀመጡ ማየት ነው የዚህ ጽሑፍ አሳብ።

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ የተወለዱት በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዳኅና አገር ነው። አባታቸው ዘክርስቶስ፥ እናታቸው እግዚእ ክብራ ይባሉ ነበር። ዕድሜያቸው 30 ዓመት ገደማ በሆነ ጊዜ አገራቸውንና ወገናቸውን ትተው ወደ ትግራይ፥ ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ። ይህ ገዳም ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ አቡነ አረጋዊ የመሠረቱት፥ ገደሉ በገመድ ተይዞ የሚወጣ ጥንታዊ ደብር ነው። በዚያን ጊዜ አበምኔቱ አባ ዮሐኒ ነበሩ።

ሰው ዓለምን ንቆ በሚመንንበት ጊዜ ወዲያው ራእይ የሚያይ፥ ወዲያው ከመላእክት ጋር የሚነጋገር ይመስለዋል። የገዳም ሥርዓት ግን እንዲህ አይደለም። አዲስ የገባው ሁሉ አስቀድሞ ረድእ ይሆናል፤ ውኃ ይቀዳል፥ እንጨት ይሰብራል፥ ለአረጋውያን ይላላካል። እምነቱ አገሩን እስኪተው ድረስ አድርሶታል፤ አሁን ደግሞ ያ እምነት በእንስራና በምሳር ይፈተናል። አባ ኢየሱስ ሞዓም በአባ ዮሐኒ እጅ በዚህ ተልእኮ አደጉ፤ መነኰሱም። ከዚህም ጋር ኋላ ለአገራችን ብዙ ፍሬ ያፈራውን ሞያ፥ የመጻሕፍትን ጽሕፈት፥ በደብረ ዳሞ ተማሩ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ በ1240 ዓ.ም. ገደማ፥ ከደብረ ዳሞ ወርደው ወደ ደቡብ ተጓዙና በሐይቅ ባሕር ወዳለው ወደ ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን መጡ። ገድላቸው ጉዞውን በመልአክ መሪነት የተደረገ መሆኑን ይተርካል።

ሐይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ የአምባሰል ተራሮች ከወዲያ ሆነው በሚያዩት አገር ውስጥ የሚገኝ፥ ጥልቀቱ 80 ሜትር የሚደርስ ባሕር ነው። ስለ ባሕሩ አፈጣጠር የአገሩ ሰው የሚተርከው አንድ ነገር አለ። በዚያ ሥፍራ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ግፍ ተፈጸመባት፤ እግዚአብሔርም ተቈጥቶ አገሩን ሁሉ በውኃ አሰጠመው፤ ድኻዪቱ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ደሴት ሆና ቀረች ይላል። ይህ ትረካ ከመጻሕፍት የተገኘ ሳይሆን የባላገር አፈ ታሪክ ነው። ነገር ግን የአገሩ ሕዝብ ገዳሙ የቆመበትን መሬት ግፍ የተፈጸመባት ድኻ የተቀመጠችበት ነው ብሎ ሲያምን መኖሩ ቀላል ነገር አይመስለኝም። በዚያ መሬት ላይ እየጸለዩ ድኻን መግፋት ለሰሚው እንኳ ያስፈራል።

ቤተ ክርስቲያኑም የተሰየመው በቀዳሜ ሰማዕት በቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። እስጢፋኖስን በመወገሩ ብቻ የሚያስታውሰው ብዙ ነው። የሐዋርያት ሥራ ግን አስቀድሞ የሚነግረን፥ ለመበለቶች በየዕለቱ የሚታደለውን ምግብ እንዲያገለግሉ ከተመረጡት ከሰባቱ ዲያቆናት አንዱ መሆኑንና እምነት የሞላበት ሰው እንደ ነበረ ነው። ማዕድ የሚያድለው እጅና ሰማይ ተከፍቶ ያየው ዓይን የአንድ ሰው ናቸው። አባ ኢየሱስ ሞዓ ከዚህ ዲያቆን ቤት ገብተው ማገልገላቸው ከታሪካቸው ጋር እጅግ የሚስማማ ነው።

የገዳሙ ትውፊት የቤተ ክርስቲያኑን አመሠራረት በ9ኛው መቶ ዓመት እንደ ነበሩ ለሚነገርላቸው ለንጉሥ ድል ነዓድና ለአባ ሰላማ ይሰጣል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በደረሱ ጊዜ በደሴቱ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን በሕጋውያን ካህናት የሚገለገል እንጂ የመነኰሳት ማኅበር የቆመበት አልነበረም። እርሳቸው ግን ሥፍራውን የአንድነት ገዳም አደረጉት። ባለ ትዳሮቹ በባሕሩ ዳር ሲቀመጡ ደሴቱ ለመነኰሳት ብቻ ተለየ፤ ሴት እንዳትገባ የተደነገገው ሥርዓትም እስከ ዛሬ ይጠበቃል።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በዚያ ደሴት ላይ ለራሳቸው አንዲት በአት ወቅረው በጾምና በስግደት ብቻ ቢኖሩ ኖሮ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። ጾሙንና ስግደቱንም አላጐደሉም፤ ገድላቸው ትጋታቸውን አብዝቶ ይተርካል። ነገር ግን በዚያ ላይ ሁለት ሥራ ጨመሩ፤ እነርሱም ማስተማርና መጻፍ ናቸው።

በዚያን ዘመን በአማራና በሸዋ፥ በአንጎትም አገር ክርስትና ሰፍቶ የሚኖረው ሕዝብ ጥቂት መምህራን ብቻ ነበሩት። ለመማር የሚፈልግ ወጣት እስከ ደብረ ዳሞ ድረስ ብዙ አገር አቋርጦ መሄድ ነበረበት። አባ ኢየሱስ ሞዓ ትምህርቱን ወደ ተማሪው አቀረቡት። ከየአገሩ የሚመጣውን ወጣት እየተቀበሉ ፊደልን፥ መጻሕፍትን፥ ዜማንና የምንኵስናን ሥርዓት አስተማሩ። ተማሪ መቀበል ማለት ማብላትም ማልበስም ማለት መሆኑን በጕባኤ ቤት ያደጉ ካህናት ሁሉ ያውቁታል።

ማስተማር ያለ መጻሕፍት አይሆንም፤ መጽሐፍ ደግሞ በዚያን ጊዜ በገበያ አይገኝም። ቆዳው በውኃ ይዘፈዘፋል፥ በእንጨት ላይ ይወጠራል፥ ጠጕሩና ሥጋው ይፋቃል፥ ደርቆም እስኪለሰልስ ድረስ ይታሻል። ከዚያም ተቈርጦና ተሰምሮ ለጽሕፈት ይዘጋጃል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይበጠበጣል፤ ቀዩ ለቅዱሳት ስሞች ይለያል፤ ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል። ለአንድ አርባዕቱ ወንጌል የሚበቃው ብራና የብዙ ፍየሎች ቆዳ ነው። ጸሓፊው መጽሐፉን በጕልበቱ ላይ አድርጎ ጎብጦ ወራት ይሠራል፤ ተጽፎ ካለቀም በኋላ ታርሞ፥ ተጠርዞ፥ በእንጨት ገበታ ተለብጦ ለአገልግሎት ይወጣል።

በዚህ ሥራ ውስጥ እምነትና ምግባር የት ላይ ይለያያሉ? በግእዝ ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ፥ አበራ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን ሌብነት ይሆናል። ሠዐለ ሥዕል መሣል ነው፤ ሰአለ ለመነ ማለት ነው። ጸሓፊው በአንዲት ፊደል ቢሰንፍ፥ የስንፍናው ዕዳ ከእርሱ በኋላ መጽሐፉን ለሚያነብና ከዚያ ለሚገለብጥ ሁሉ ይተላለፋል። ትክክለኛ ሃይማኖት ያለው ሰው እጁ ቸልተኛ ከሆነ ሃይማኖቱን ራሱን ያበላሻል። እንዲሁም ምንም እጁ ቢሠለጥን፥ ያንን ቃል የሕይወት ቃል ነው ብሎ ካላመነ፥ ስሙ ለማይታወቅና ገና ላልተወለደ አንባቢ ወራት ጎብጦ የሚጽፍበት ምክንያት አይኖረውም። እኔ በበኩሌ ከብዙ ስብከት ይልቅ ይህ የብራና ሥራ ነገሩን አስረድቶኛል።

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የሰጡት አርባዕቱ ወንጌል ዛሬም አለ። የተጻፈው በ1273 ዓ.ም. ሲሆን፥ ዘመናቸው ተለይቶ ከታወቁት የአገራችን ባለ ሥዕል መጻሕፍት ከቀደሙት አንዱ ነው። በውስጡ የራሳቸው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕል ይገኛል፤ ሥዕሉ እርሳቸው በሕይወት ሳሉ የተሣለ በመሆኑ ታሪክ መርማሪዎች እጅግ ያከብሩታል። በዚሁ መጽሐፍ ቅጠሎች ላይ ለቤተ ክርስቲያኑ የሰጧቸው መጻሕፍት በዝርዝር ተመዝግበዋል፤ ቍጥራቸውም ከ80 ይበልጣል። በዚያ ዘመን ከ80 በላይ መጻሕፍት በአንድ ደሴት ላይ መሰብሰባቸው ምን ያህል ድካም እንደ ጠየቀ የብራና ጽሕፈት ያየ ሰው ይፍረድ።

ከተማሪዎቻቸው ሁሉ ስማቸው የገነነው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ከሸዋ ተነሥተው ወደ ሐይቅ መጥተው ለ10 ዓመት ያህል በአባ ኢየሱስ ሞዓ እግር ሥር ተቀመጡ። መምህራቸው ይህን የመሰለ ደቀ መዝሙር ለገዳማቸው ክብር ብለው በሐይቅ ሊያስቀሩት በቻሉ ነበር፤ ነገር ግን እርሳቸው ራሳቸው ወደ ተማሩበት ወደ ደብረ ዳሞ፥ ወደ አባ ዮሐኒ ላኳቸው። ተክለ ሃይማኖት ቆብና አስኬማ ከዚያ ተቀብለው በተመለሱ ጊዜ፥ የደብረ ሊባኖስ ትውፊት እንደሚለው፥ መምህሩ ከደቀ መዝሙራቸው እጅ ቆቡንና አስኬማውን ተቀበሉ። ማን ለማን ምን ሰጠ በሚለው የሁለቱ ገዳማት ሊቃውንት ልዩነት አላቸው፤ ክርክሩም ስለ ገዳማት ቀዳሚነት ብዙ ብራና አስጽፏል። እኛ ወደዚያ አንገባም። ነገሩ ትውፊቱ እንደሚለው ከሆነ ግን፥ ሥራውን እንደ ግል ርስቱ የሚቈጥር ሰው ያስተማረውን ተማሪ ጎንበስ ብሎ ሊቀበለው አይችልም። ተክለ ሃይማኖትም ኋላ በሸዋ ደብረ አስቦን፥ ማለት ዛሬ ደብረ ሊባኖስ የሚባለውን መሠረቱ። ሌላው ደቀ መዝሙር አባ ኂሩተ አምላክ ወደ ጣና ወርደው ዳጋ እስጢፋኖስን አቀኑ፤ የመምህራቸው ቤት የተሰየመበትን ዲያቆን ስም ወደዚያ ባሕር ይዘው ተሻገሩ።

በዚህ ቤት የአገልግሎት ሥርዓት ከመሥራቹ በኋላም አልቀረም። መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሱት አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በዚሁ በሐይቅ ተማሪ በነበሩ ጊዜ ትምህርት አልገባቸው ብሎ፥ ለማኅበሩ እህል እየፈጩ እንደ ኖሩና በእመቤታችን ጸሎት ጥበብ እንደ ተገለጠላቸው ይተረካል። የቤተ ክርስቲያናችን ታላቅ ሊቅ ከመጽሐፉ በፊት የያዘው የወፍጮ መጅ መሆኑን አንባቢ ያስታውስ።

አሁን ለመናገር ወደሚያስቸግረው ነገር ደርሰናል። በ1262 ዓ.ም. የዛጔ መንግሥት አልፎ ዐፄ ይኵኖ አምላክ ነገሡ። የሐይቅ ትውፊት ንጉሡ በልጅነታቸው በደሴቱ እንደ ተማሩና አቡነ ኢየሱስ ሞዓ እንደ ረዷቸው ይናገራል፤ ሌላው ትውፊት ይህን ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ይሰጣል። ከታሪክ መርማሪዎች የሐይቁን የሚያስቀድሙ አሉ። ከንጉሡም ለገዳሙ ርስትና ክብር ተሰጠ። የሐይቅ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ እየተጠራ ከትውልድ ወደ ትውልድ በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ ባለ ሥልጣናት አንዱ ሆነ።

እንግዲህ የሚጠይቅ ይጠይቃል፤ ያ ሁሉ ምግባር ዋጋውን በመሬት ከተቀበለ የእምነት ፍሬ ነው ለማለት እንዴት ይቻላል? ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ የሚጠይቀውንም ሰው ተጠራጣሪ ብሎ ማባረር አይገባም። መሬቱ ተማሪዎቹን እንዳበላ፥ ለብራናውም ፍየሉን እንዳስገኘ መታሰብ አለበት፤ ባዶ እጅ ያለው ገዳም ያን ያህል ተማሪ ሊሸከም አይችልም። ደግሞም አባ ኢየሱስ ሞዓ ወደ ሐይቅ የመጡትና ማስተማር የጀመሩት ይኵኖ አምላክ ከመንገሣቸው 20 ዓመት ያህል አስቀድሞ ነው፤ ሥራው ከስጦታው በፊት ነበረ። ወንጌሉ የተጻፈው ንጉሡ ከነገሡ ከ11 ዓመት በኋላ መሆኑም እጃቸው ከብርዑ እንዳልራቀ ያሳያል። ነገር ግን ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት ዐቃብያነ ሰዓት ሁሉ እንዲህ ነበሩ ለማለት አልደፍርም። ሐይቅን የሚያስተዳድር አባት ብዙውን ዘመኑን በንጉሥ ሰፈር ሲያሳልፍ የደሴቱ ጕባኤ ምን ይሆናል? መልካም ሥራ የሚያመጣው ክብር መልካሙን ሥራ ራሱን ሊበላው እንደሚችል ካህናት ሁላችንም በየደብራችን የምናየው ነገር ነው።

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በኅዳር 26 ቀን 1285 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1523 ዓ.ም. አካባቢ የኢማም አሕመድ ሠራዊት ወደ ሐይቅ በደረሰ ጊዜ፥ በባሕሩ ላይ የሚንሳፈፍ እንጨት አሰናድቶ ወደ ደሴቱ ተሻገረ፤ ነገሥታት በየዘመናቸው ለእስጢፋኖስ የሰጡት ወርቅና ብርም ተወሰደ። የንጉሥ ስጦታ እንዲህ ሆኖ አለፈ። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ግን ከዚያ ጥፋት ተርፎ፥ ሥዕሉንና የመጻሕፍቱን ዝርዝር እንደ ያዘ ወደ እኛ ዘመን ደርሷል።

መታሰቢያቸው በየዓመቱ ኅዳር 26 ቀን ይከበራል። በዚያ ዕለት ወደ ገዳሙ የሚሄድ ሰው እንደ ቀድሞው ታንኳ አያሻውም፤ ውኃው ሸሽቶ ደሴቱ ከየብስ ጋር ስለ ተገናኘ፥ ወንዶች በእግራቸው እስከ ቅዱስ እስጢፋኖስ ደጅ ይደርሳሉ።